ስምንት ዓመት ተሳቢ ነድቼ እንደገና ትምህርት ቤት ልግባ?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አገር ቤት እያለሁ ስምንት ዓመት በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ነድቻለሁ። በዲቪ ከነቤተሰቤ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ከገባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እኔ ሌሊት ሌሊት መጋዘን እሠራለሁ፣ ባለቤቴ አረጋውያን ትንከባከባለች፣ ልጃችን አምስተኛ ክፍል ናት። አሁን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱን፣ ሲዲኤል፣ አውጥቼ ወደ ሙያዬ ለመመለስ ቆርጫለሁ፤ ግን መካሪ በዝቶብኝ ግራ ገባኝ። የአክስቴ ልጅ ‹ካምፓኒ በነፃ ያሠለጥንሃል፣ ፈርመህ ግባ› ይለኛል። አንድ ወዳጄ ‹በሳምንት የሚያስጨርስ ትምህርት ቤት አለ፣ የጽሑፉን መልስ እኔ በቴሌግራም እልክልሃለሁ› ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ‹እንግሊዝኛህ ካልጠራ ፖሊስ ከመንገድ ያወርድሃል፣ አርፈህ ተቀመጥ› አለኝ። እንግሊዝኛ እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ምላሴ ይተሳሰራል። መንዳት እንኳ ማንም አያስተምረኝም። ከየት ልጀምር?

የጅቡቲ መስመር ሹፌር የነበርኩ፣ ከኦሮራ»

ወንድሜ፣ መንዳት ማንም አያስተምረኝም ስትል አምንሃለሁ። አዋሽን አልፎ፣ ሚሌንና ሰመራን አቋርጦ፣ ጋላፊ ላይ ወረፋ ጠብቆ ወደብ የገባ ሰው ስለ ከባድ መኪና የእኔን ምክር አይፈልግም። ችግርህ ሌላ ነው። እዚህ የሚፈትንህ ሰው ስምንት ዓመትህን አያውቅም፤ አውቆም ነጥብ አይሰጥህም። ወረቀቱ ላይ የሚሞላው በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ብቻ ነው። ስፖኪዮውን በዓይንህ ጥግ ሰረቅ አድርገህ ካየኸው፣ ለእሱ አላየኸውም። ጎማው ደህና መሆኑን በልብህ ይዘህ ካለፍክ፣ ለእሱ አልፈተሽከውም። የለመደ ሹፌር ሲወድቅ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። መንዳቱን ያውቃል፣ ማሳየቱን ግን ንቆታል።

ትምህርት ቤት ልግባ ወይ ለሚለው ምርጫ የለህም። ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ወዲህ ክላስ ኤ ሲዲኤል፣ ማለትም ትልቅ ትሬለር ለመጎተት የሚያስፈልገውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወጣ ሁሉ በፌዴራል መንግሥት መዝገብ ላይ ካለ አሠልጣኝ የቃልም የመሪም ትምህርት መውሰድ አለበት። አሠልጣኙ መጨረስህን መዝገቡ ላይ ካላስገባ የመንዳት ፈተና አትቀመጥም። የአገር ቤት መንጃ ፈቃድህ የቱንም ያህል ከፍ ያለ ቢሆን ይህን አያስቀርልህም፤ አሜሪካ እንደ ራሷ ሲዲኤል የምትቀበለው የካናዳንና የሜክሲኮን ብቻ ነው። የአክስትህ ልጅ ሲዲኤል ካለው፣ ፐርሚት፣ ማለትም የመለማመጃ ፈቃድ፣ ይዘህ እሱ አጠገብህ ተቀምጦ ልትለማመድ ትችላለህ፤ ግን መጀመሪያ የትራኩ ኢንሹራንስ ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቅ። ልምምዱ እጅህን ያፍታታል እንጂ የትምህርት ቤቱን ወረቀት አይተካም።

ለማንም ገንዘብ ሳትከፍል በፊት ሐኪም ዘንድ ሂድ። የቤተሰብ ሐኪምህ ሁሉ ይህን ወረቀት አይሰጥም፤ በፌዴራሉ የመርማሪዎች መዝገብ ላይ ያለ መሆን አለበት። ዓይንህ በመነጽርም ይሁን ያለ መነጽር 20/40 ማየት አለበት። ደም ግፊትህ ከ140/90 በታች ከሆነ ካርዱ ለሁለት ዓመት ይሰጥሃል፤ ከዚያ ትንሽ ካለፈ ለአንድ ዓመት ይቆረጥልሃል፤ በጣም ካለፈ መድኃኒት ጀምረህ ተመለስ ትባላለህ። ሌሊት ስትሠራ አድረህ፣ ጠዋት ቡናውን እስከ በረካ ጠጥተህ አትሂድ። ተኝተህ፣ ውኃ ጠጥተህ ሂድ። ስኳር ካለብህም አትደብቅ፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እንኳ ሐኪሙ ፎርም ከሞላለት መንዳት ይችላል። የሚጎዳህ መደበቅህ ነው፣ ወረቀቱ ላይ የምትፈርመው አንተ ነህና። እዚያ የምትሰጠው ሽንት ስኳርና መሰል ነገር ለማየት ነው፤ የዕፅ ምርመራው ለብቻው ነው የሚመጣው።

ስለ ዕፁ ሳልሸፋፍን ልንገርህ፤ መስመርህን ስለማውቅ ነው እንጂ አንተን ጠርጥሬ አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተቀመጠ ነገር ነው። ቅዳሜ ከጓደኛ ጋር ሻይ ላይ የሚደረግ ጨዋታ ነው የሚልህ ሰው የአንተን መንጃ ፈቃድ አይከፍልም። ኮሎራዶ ውስጥ በየመንገዱ የሚሸጠው ማሪዋናም እንደዚያው ነው፤ ስቴቱ ቢፈቅደውም የትራክ ሹፌር የሚገዛው በፌዴራሉ ሕግ ነው። አንድ ጊዜ በሹፌሮች የዕፅ ምርመራ ከተገኘብህ ስምህ ክሊሪንግሃውስ በሚባለው የፌዴራል መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ የሚቀጥርህ ካምፓኒ ሁሉ እዚያ ገብቶ የማየት ግዴታ አለበት። ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ስቴቱ ራሱ ሲዲኤሉን ያወርድብሃል። ምርመራውን እምቢ ማለትም እንደ መገኘት ይቆጠራል።

ወደ ፐርሚቱ እንለፍ። ክላስ ኤ ለማውጣት ሦስት የጽሑፍ ፈተና ይጠብቅሃል። ጠቅላላ ዕውቀቱ 50 ጥያቄ ነው፣ 40 መመለስ አለብህ፤ ስለ አየር ፍሬን የሚጠይቀው ኤር ብሬክ 25፣ ትሬለር ስለ መጎተት የሚጠይቀው ኮምቢኔሽን 20 ጥያቄ አላቸው፣ የሁሉም ማለፊያ 80 በመቶ ነው። መጽሐፉ በነፃ ከመንጃ ፈቃድ ቢሮው፣ ከዲኤምቪ፣ ይገኛል። ፐርሚቱን ከያዝክ በኋላ ቢያንስ 14 ቀን ሳይሞላህ የመንዳት ፈተና መቀመጥ አትችልም፤ ያንን ጊዜ ለትምህርት ቤቱ ተጠቀምበት።

የቴሌግራሙን መልስ በተመለከተ፣ ጥያቄ መለማመድ ነውር የለውም። ግን መልሱን ብቻ ሸምድደህ ብታልፍ ያለፍከው ዝቅተኛውን ደጃፍ ነው። የኤር ብሬክ ምዕራፉ ተመልሶ ይመጣብሃል። ፈታኙ አጠገብህ ቆሞ፣ በአፍህ እየተናገርክ፣ በእጅህ እያሳየህ እንድትሠራው ይጠይቅሃል፤ እዚያ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባል ምርጫ የለም። ወዳጅህን «ይህ መልስ ለምን ትክክል ሆነ?» ብለህ ጠይቀው። ካልነገረህ ከመጽሐፉ ፈልገው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ፕሪ-ትሪፕ ወደሚሉት፣ ከጉዞ በፊት መኪናውን መፈተሽ። የመንዳት ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፤ መጀመሪያ መኪናውን መፈተሽ፣ ቀጥሎ ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ መመለስና መሰል እንቅስቃሴ፣ በመጨረሻ መንገድ ላይ መንዳት። አስተርጓሚ አይፈቀድም፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ምላሴ ይተሳሰራል ያልከው የሚያሰጋህ እዚህ ላይ ነው፤ ደስ የሚለው ግን የሚፈለገው እንግሊዝኛ ጠባብና ድግግሞሽ የበዛበት መሆኑ ነው። አንተ ክፍሉን ታውቀዋለህ፣ የቀረህ የአሜሪካ ስሙ ነው። ባሌስትራውን ሊፍ ስፕሪንግ በለው፣ ዳዶውን ለግ ነት፣ ቸርኬውን ሪም፣ ፍሪሲዮኑን ክላች፣ ስፖኪዮውን ሚረር። ከዚያ ለአብዛኛው ክፍል የምትለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ፕሮፐርሊ ማውንትድ ኤንድ ሴኪዩርድ፣ ኖት ክራክድ፣ ቤንት ኦር ብሮክን»፤ በደንብ ተገጥሞ ታስሯል፣ አልተሰነጠቀም፣ አልተጣመመም፣ አልተሰበረም ማለት ነው። ፈሳሽ የሚያልፍበት ከሆነ «ኖ ሊክስ» ትጨምራለህ። የአየር ቱቦ ከሆነ መፋቅ፣ ማበጥና መቆረጥ የለበትም ትላለህ። ጎማ ላይ ስትደርስ ቁጥር ይፈለጋል፤ የፊቶቹ ጥርስ ቢያንስ 4/32 ኢንች፣ የቀሩት 2/32። ፍሬኑን የሚያጠብቀውን ክንድ፣ ስላክ አጀስተሩን ደግሞ፣ ፍሬኑ ተለቅቆ በእጅ ሲሳብ ከአንድ ኢንች በላይ መንቀሳቀስ የለበትም ትላለህ። ትሬለሩ የሚያያዝበት ሳህን፣ ፊፍዝ ዊሉ፣ ጋ ጎንበስ ብለህ በባትሪ አብራበትና መንጋጋው የትሬለሩን ፒን፣ ኪንግፒኑን፣ መያዙን፣ በትሬለሩና በሳህኑ መካከል ክፍተት አለመኖሩን በጣትህ እያሳየህ ተናገር።

ጣትህን አትርሳ። «ታየሮቹ ደህና ናቸው» ብሎ እያለፈ የሚሄድ ሰው ነጥቡን እዚያው ጥሎት ነው የሚሄደው። ንካው፣ ስሙን ጥራው፣ የምታየውን ተናገር፣ ወደሚቀጥለው እለፍ። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ጀምር፤ ከፊት ሞተሩ ጀምረህ በሹፌሩ ጎን ዞረህ ከሆነ ዘወትር እንደዚያው ዙር። አፍህ ቢረሳ እግርህ ያስታውሰዋል።

ልምምዱን ደግሞ ቤትህ ውስጥ አድርገው። ዝርዝሩን ለልጅህ ስጣት፣ አንተ የሳሎኑን ሶፋ እንደ ትራክ እየዞርክ ጮክ ብለህ ተናገር፣ የዘለልከውን እሷ ትነግርሃለች። አነጋገርህ ላይ ትስቅብህ ይሆናል፤ ይሳቅ። እዚህ ያደጉ ልጆች አባታቸውን ሲያርሙ ደስ ይላቸዋል፣ አንተም በነፃ አስተማሪ አገኘህ። መጋዘን ስትሄድና ስትመለስ የራስህን ድምፅ በስልክ ቀድተህ ስማው። በዝምታ አንብበህ ያጠናኸው ፕሪ-ትሪፕ ፈታኙ ፊት ስትቆም ይጠፋል።

የኤር ብሬኩን ምርመራ ለብቻው ነጥለህ አጥናው፤ በብዙ ስቴት እሱን የሳተ ሰው ሌላው ሁሉ ተሟልቶለት እንኳ ያን ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። አየሩን ሞልተህ፣ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ቁልፉን ከፍተህ፣ ፍሬኖቹን ትለቃለህ። የእግር ፍሬኑን አጥብቀህ ረግጠህ አንድ ደቂቃ ትይዛለህ፤ ትሬለር የተያያዘበት ከሆነ የአየር ግፊቱ ከ4 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ መውረድ የለበትም። ቀጥለህ እየረገጥክ ስትለቅ ማስጠንቀቂያው 60 አካባቢ ይጮኻል። አሁንም ስትቀጥል ከ45 እስከ 20 ባለው መካከል ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት የፓርኪንግ ፍሬን ቁልፎች ራሳቸው ይፈነጠራሉ። እያንዳንዱን ከመሥራትህ በፊት ምን እንደምትሠራ፣ ከሠራህ በኋላ ምን እንዳየህ ተናገር። ትምህርት ቤትህ የሚያስተምርህ ቅደም ተከተል ከዚህ በትንሹ ቢለይ የስቴትህ ፈታኝ የሚጠብቀው ያንን ነውና እሱን ተከተል።

የፖሊሱን ነገር ያነሳው ሰው ግማሽ እውነት ነግሮሃል። ሹፌሩ ከሕዝብ ጋር ለመነጋገር፣ የመንገድ ምልክት ለማንበብ፣ ለባለሥልጣን ጥያቄ ለመመለስና መዝገብ ለመሙላት የሚበቃ እንግሊዝኛ ይኑረው የሚለው ሕግ አሮጌ ነው። በኤፕሪል 2025 ፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ፈረሙ፣ ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ ያንን ያላሟላ ሹፌር ከመንገድ መውረድ ጀመረ። ተቆጣጣሪው መጀመሪያ ያነጋግርሃል፤ በዚህ ጊዜ ስልክህን አውጥተህ ላስተርጉም ማለት አይቻልም። ከዚያ ምልክቶች ያሳይሃል። የሚጠይቅህ ግን ፍልስፍና አይደለም፤ ከየት ተነሣህ፣ ወዴት ነህ፣ ምን ጭነሃል፣ ስንት ሰዓት ነዳህ፣ ወረቀትህን አሳየኝ ነው። በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ፤ «የስ፣ የስ» እያልክ ራስህን አትነቅንቅ፣ ምክንያቱም አልገባውም ብሎ እንዲጽፍ የሚያደርገው እሱ ነው። አነጋገርህ አበሻ አበሻ ቢል ጥፋት አይደለም። በዲጂታል ሰሌዳ የሚወጣውንም ተለማመድ፦ «ቼይን ሎው ኢን ኢፌክት» (የሰንሰለት ሕግ እየሠራ ነው)፣ «ራንአዌይ ትራክ ራምፕ» (ፍሬን እምቢ ላለው ትራክ ማምለጫ)፣ «ኦል ትራክስ መስት ኤግዚት» (ትራክ ሁሉ ይውጣ)። ሚስትህ ስትነዳ አንተ አጠገቧ ተቀምጠህ የምታየውን ሰሌዳ ሁሉ ጮክ ብለህ አንብብ።

ስለ ወረቀት አንድ ቃል፤ አንተ ግሪን ካርድ ስላለህ የምታወጣው መደበኛውን ሲዲኤል ነው። በጥገኝነት ጉዳይ ላይ ያላችሁና የሥራ ፈቃድ ብቻ የያዛችሁ አንባቢዎች ግን ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ መንግሥት ለእናንተ ዓይነቱ ሲዲኤል ሕጉን አጥብቆታል፣ ነገሩም ፍርድ ቤት ደርሷል። ለትምህርት ቤት ከመክፈላችሁ በፊት ዲኤምቪ ቀርባችሁ ጠይቁ።

ግቢው ውስጥ የሚጠብቅህን ደግሞ ልንገርህ። አገር ቤት ወደ ኋላ ስትመለስ ረዳትህ ወርዶ፣ የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየመታ «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» ይልሃል። አንተ መሪ ይዘሃል፣ ዓይንህ ግን እሱ ነበር። እዚህ ረዳት የለም። የጭነት ማውረጃ በር ላይ፣ በሌሊት፣ በዝናብ፣ ሁለት ትራክ መካከል ብቻህን ነህ። ስለዚህ አሜሪካኖቹ ወርደህ እይ የሚል ሕግ አላቸው፣ ፈተናው ላይም የተወሰነ ጊዜ ወርደህ ማየት ይፈቀድልሃል። ተጠቀምበት፣ ሽንፈት አይምሰልህ። ስትወርድ ግን እንደ አገር ቤቱ ዘለህ አትውረድ። የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ ማርሹን ነፃ አድርግ፣ ፊትህን ወደ መኪናው አዙረህ ሁለት እጅና አንድ እግር ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ ሁልጊዜ እንደያዘ ውረድ። ዘሎ የወረደ ሰው እዚያው ሊወድቅ ይችላል።

መኪናውም ራሱ ይለያል። አንተ የለመድከው ዕቃ የጫነ መኪና ከኋላው በዘንግ ተሳቢ የሚጎትት ከሆነ፣ መታጠፊያው ሁለት ቦታ ስለሆነ ወደ ኋላ መመለሱ ፈተና ነበር። እዚህ ጎታቹ መኪናና 53 ጫማ ትሬለሩ፣ ማለትም 16 ሜትር ያህል፣ የሚታጠፉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ከለመድከው ይቀላል፣ ግን በዝግታ ነው የሚመልሰው፣ አንዴ ከታጠፈ ደግሞ ቶሎ ይሸሻል። እጅህን ከመሪው ታች፣ ስድስት ሰዓት ላይ አድርግ፤ የትሬለሩ ኋላ እንዲሄድ ወደምትፈልግበት ጎን እጅህን ውሰድ። ትንሽ አዙር፣ ጠብቅ፣ ተከተለው። ከተበላሸ ወደፊት ስበህ አስተካክል። መሳቡ ጥቂት ነጥብ ያስቆርጣል፤ በግትርነት መስመር ረግጦ ኮን መግፋት ግን የባሰ ነው። የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚመጣብህ እንደ ስቴቱ ስለሚለያይ፣ ትምህርት ቤቱ የፈተናውን ግቢ ስፋት በልኩ አስምሮ እንደሚያለማምድ ጠይቅ።

ማርሽን በተመለከተ፣ አሁን አብዛኛው ትራክ አውቶማቲክ ነው። በአውቶማቲክ ከተፈተንክ ግን መንጃ ፈቃድህ ላይ ማንዋል አይነዳም የሚል ገደብ ይጻፍብሃል። በማንዋል የሚያስፈትን ትምህርት ቤት ካገኘህ በእሱ ተፈተን፣ እጅህ ያውቀዋልና። ብቻ እዚህ ያለው ባለ አሥር ማርሽ ካምቢዮ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ማስረገጥ ስለሚፈልግ በለመድከው ይሆንልኛል ብለህ አትመን። በድሮው ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ያደጉ ሽማግሌዎች ቢሆኑ ኖሮ ይስቁብን ነበር።

መንገድ ላይ ስትወጣ የድሮ አመልህን ጠብቀው። ክላክስ ለሰላምታ አይነፋም። «ስቶፕ» ላይ ጎማው ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት፣ ቀስ ማለት አይበቃም። ቀኝ ስትታጠፍ የኋላው ጎማ የመንገዱ ጠርዝ (ከርብ) ላይ ከወጣ ፈተናው ብዙ ጊዜ እዚያው ያበቃል። ከፊትህ ካለው መኪና ጋር ያለውን ርቀት በሰከንድ ቁጠረው፤ ለእያንዳንዱ 10 ጫማ የመኪናህ ርዝመት አንድ ሰከንድ፣ ፍጥነትህ ከ40 ማይል ካለፈ አንድ ጨምር። 70 ጫማ ከሆንክ ከከተማ ውጭ ስምንት ሰከንድ ማለት ነው፤ አገር ቤት ያን ያህል ክፍተት ብትተው ሦስት ሚኒባስ ይገባበታል። ራስህን አዙረህ ስፖኪዮ እይ፣ ፈታኙ አንገትህን እንጂ ብሌንህን አያይም።

ቁልቁለቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ኮሎራዶ ነህና። ሥራ ስትጀምር ኢንተርስቴት 70ን መውጣትህ አይቀርም፤ የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ወለል ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ከዚያ ወደ ዴንቨር የሚወስደው ቁልቁለት ረጅም ነው። ጣርማ በርን ወይም የዓባይን በረሃ ወርደህ ከሆነ ሰውነትህ ያውቀዋል። ግን አንዳንድ ሹፌር ናፍጣ ለመቆጠብ ፎሌ፣ ማለትም ማርሹን ነፃ፣ አድርጎ ሲለቀው አይተሃል፤ እዚህ ፈተናውም ፖሊሱም ተራራውም አይምርህም። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን አሳንስ። ለቁልቁለቱ የሚበቃ ፍጥነት በሰዓት 40 ማይል ነው ብለህ ከወሰንክ፣ 40 ሲደርስ ጠበቅ አድርገህ ረግጠህ ወደ 35 አውርደው፣ ልቀቀው፣ እንደገና 40 ሲደርስ ድገመው። አንዱ መርገጫ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ፍሬኑን ሳይለቁ እየረገጡ መውረድ ነው የሚያግለው፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ደግሞ በዚያ መንገድ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ትራክ ሁሉ የበረዶ ሰንሰለት መያዝ አለበት፣ ፀሐይ ቢሆንም። ሰንሰለት ማሰርን ግቢ ውስጥ በደረቅ ቀን ተማረው፤ ጣትህ በርዶ አይለመድም።

የቀረው ለማን ገንዘብ ልክፈል ነው። በሳምንት አስጨርሳለሁ የሚልህን ትምህርት ቤት ስሙን መጀመሪያ በፌዴራሉ የአሠልጣኞች መዝገብ ላይ ፈልገው። በ2025 መጨረሻ የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ወደ 3,000 የሚጠጉ አሠልጣኞችን ከመዝገቡ እንደሚያስወጣ አስታውቋል፣ ስለዚህ ያለፈው ዓመት ማስታወቂያ ማረጋገጫ አይሆንም። ፌዴራሉ ይህን ያህል ሰዓት መንዳት አለብህ አይልም፣ አሠልጣኙ በቃ እስኪል ነው፤ ያንን ክፍተት የሚጠቀሙበት አሉ። ስትጠይቅ፣ ለአንድ ትራክ ስንት ተማሪ አላችሁ፣ እኔ በግሌ ስንት ሰዓት መሪ እይዛለሁ፣ የምፈተነው በተለማመድኩበት ትራክ ነው ወይ፣ ብወድቅ ድጋሚው ስንት ነው በል። አንዱ መሪ ይዞ አራቱ ከኋላ ስልካቸውን የሚያዩበት ቦታ ከሆነ ውጣ። እርግጠኛ ታልፋለህ፣ ጥሬ ገንዘብ ብቻ አምጣ የሚልህን ደግሞ አትመለስበት። ከዚያ በፊት ግን ሰፈርህ ያለው የሥራ ማዕከል ሂድና በ2014 በወጣው ዊኦዋ በሚባለው የፌዴራል ሕግ የሚሰጠውን የሥልጠና ገንዘብ ለሲዲኤል ይሰጡ እንደሆነ ጠይቅ። ገቢህ ዝቅ ያለ ከሆነ የትምህርቱን ወጪ ሙሉ ሊሸፍኑልህ ይችላሉ፣ ዕቁብ ሳትገባም ማለት ነው።

የአክስትህ ልጅ የሚልህ የካምፓኒ ሥልጠና መጥፎ አይደለም፤ ነፃ ግን አይደለም። ይህን ያህል ጊዜ ሥራልኝ፣ ከዚያ በፊት ብትወጣ ገንዘቡን ክፈል የሚል ውል አለው። ውሉ ላይ አራት ነገር ፈልግ፤ ስንት ወር፣ ብወጣ ስንት ዶላር፣ እነሱ ቢያባርሩኝስ ዕዳው ይቀራል ወይ፣ ፈተናውን ብወድቅስ። ሲዲኤሉን ካገኘህም በኋላ ከአንድ አሠልጣኝ ሹፌር ጋር በአንድ ትራክ ውስጥ ሳምንታት ትነዳለህ፣ ትተኛለህ፤ ከማታውቀው ሰው ጋር። በቀን 11 ሰዓት መንዳት በ14 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ 10 ሰዓት ዕረፍት፣ ይህ ነው ኑሮው። ባለቤትህ ምን እንደምትል አልጻፍክልኝም፣ ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት ይህን ቁጥር አስቀምጥላትና ልጅቷን ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርስ ተነጋገሩ። ማታ ማታ ቤትህ መግባት ከፈለግህ ደግሞ፣ የዴንቨር የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅት፣ አርቲዲ፣ የአውቶቡስ ሹፌር እየከፈለ ያሠለጥናል። ትራክ አይደለም ብለህ አትናቀው።

የራስህን ትራክ እየነዳህ እየከፈልክ ውሰድ የሚሉህን በመጀመሪያው ዓመት አትስማ፣ አበሻም ቢሆን። ኮንግረስ ያቋቋመው ኮሚቴ በጃንዋሪ 2025 ይህን ዓይነቱን የኪራይ ግዢ ውል ይታገድ ብሎ ነው ሐሳቡን ያቀረበው። የሥልጠናውን ውል ካገኘህ ግን ስምህንና የካምፓኒውን ስም ደምስሰህ ላክልኝ፤ እንግሊዝኛው ጠበቅ የሚልበትን አንቀጽ እዚሁ ዓምድ ላይ በአማርኛ እናነበዋለን።